የትርሓስ ፈቃድ

ትርሓስ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ቤቱን የምታስተዳድረው አኔካ የምትባል ሆላንዳዊት ናት። እንግዶቹ ለስብሰባና ለሥልጠና የሚመጡ፣ አንዳንዴም ከአውሮፕላን ወርደው አንድ ሁለት ቀን ካረፉ በኋላ ወደ ጁባ ወይም ወደ ናይሮቢ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። ትርሓስ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አብራ አለች። ሽሮዋን አንዴ የቀመሰ እንግዳ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወጥ ቤት ብቅ ብሎ ሰላም ይላታል።

አኔካ ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ አታውቅም። ትርሓስም የምታውቀው እንግሊዝኛ የምግብ ስም ብቻ ነበር። በመሀላቸው ሆና የምታገናኛቸው ዮሃና ናት። ዮሃና ገርጂ ተወልዳ ያደገች፣ እጇም አፏም ፈጣን የሆነ እንግዳ ተቀባይ ናት። አኔካ ለትርሓስ የምትለው ሁሉ በዮሃና አፍ ይመጣል፤ የትርሓስም መልስ በዮሃና አፍ ይሄዳል።

"ጨው ይቀንሱ ትላለች፣ እትዬ ትርሓስ።"

"እሺ በያት።"

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ግን አኔካ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ይዛ ወጥ ቤት ገባችና የትርሓስን ትከሻ እንደያዘች ብዙ አወራች። እንግዳው ሳቀ፤ ዮሃናም ሳቀች። ሦስቱም ትርሓስን እያዩ ነው የሚስቁት። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ትርሓስ ዮሃናን ጠየቀቻት።

"ምን ነበር የምትለው?"

"ምንም። ጎበዝ ናት ነው የምትለው።"

ያን ሁሉ ወሬ፣ ያን ሁሉ ሳቅ፣ ጎበዝ ናት ብቻ ብሎ መቀበል አቃታት። ማታ ከሥራ ስትወጣ ለበር ጠባቂው ለእንድሪስ አጫወተችው። እንድሪስ የወሎ ሰው ነው፤ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ የሰው ነገር ሰምቶ የማያባክን።

"ፊቴ ቆመው ስለ እኔ ያወራሉ። ያወሩትን የማላውቀው ግን እኔው ነኝ" አለችው።

"ታዲያ ተማሪያ" አላት እንድሪስ። "ኢምፔሪያል ጋ ፎቅ ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ አሉ። ልጄ ፈትያ እዚያ ተምራ ነው ሥራ የያዘችው። አንቺ ምን አነሰሽ?"

ትርሓስ ተመዘገበች። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ነው። ክፍሉ ከሞባይል መሸጫዎቹ በላይ ስለሆነ የቀለበት መንገዱ ጥሩምባና የታክሲ ረዳቶች ጥሪ አብሮ ይገባል። ተማሪዎቹ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችና ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ናቸው፤ በዕድሜ ትርሓስን የሚበልጥ አልነበረም። መምህሩ ፀጋዘአብ ሽሬ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲያስተምር የኖረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው። ኮቱን ሳይቆልፍ ክፍል አይገባም። ትርሓስንም በተማሪዎቹ ፊት "ወይዘሮ ትርሓስ" ይላታል እንጂ እንደ ሌሎቹ በስሟ አይጠራትም።

ፀጋዘአብ ሰው ቋንቋ የማይችለው ግሥ ስለማይችል ነው ብሎ ያምናል። በየሳምንቱ አንድ አንድ ግሥ እያነሳ ከነእርባታው ያስተምር ነበር። የ"ሊቭ" ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስቱን መልክ በተርታ ጻፈ። "ሊቭ፣ ሌፍት፣ ሌፍት" እያለ አስደገማቸው። አውቶቡሱ ሄደ ለማለት ሌፍት። ቦርሳዋን ረስታ ወጣች ለማለትም ሌፍት። አንድ ዳቦ ብቻ ቀርቷል ለማለትም ሌፍት። ባሏን ፈታ ሄደች፣ ሥራውን ለቀቀ፣ ሁሉም በዚችው ቃል ይነገራል።

"ግራስ?" አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

"ግራም ሌፍት ነው" አለ ፀጋዘአብ። ክፍሉ ሳቀ።

ትርሓስ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ሊቭ ወጣ ሲሉ እሰማለሁ። ፈቃድ ማለታቸው ነው። እሱስ?"

ሰዓቱ አልቆ ነበር። የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች በር ላይ ተሰልፈዋል። ፀጋዘአብ ሰሌዳውን እያጠፋ፣ "እሱም ያው ሊቭ ነው፣ ወይዘሮ ትርሓስ" አላት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ "ዎንት" ተማሩ። ትርሓስ ተነስታ "አይ ዎንት ጎ" ስትል ፀጋዘአብ አቋረጣት። ከዎንት ቀጥሎ ግሥ ከመጣ "ቱ" ትገባለች፤ እሷን የረሳ ሰው የተማረ አይመስልም አላት። ትርሓስ ከዚያ በኋላ "ቱ"ን ረስታ አታውቅም።

ትንሽ ትንሽ መናገር ጀመረች። ጠዋት ለአኔካ ሻይ ስታቀርብ "ዩ ዎንት ቱ ኢት ናው?" ትላታለች። አኔካ በደስታ ታጨበጭባለች። ዮሃናም ትስቃለች።

"እትዬ ትርሓስ፣ እኔን ሥራ ሊያስፈቱኝ ነው እንዴ?" አለቻት አንድ ቀን።

ዮሃና በዚያ ሰሞን የራሷ ጭንቀት ነበረባት። የአጎቷ ልጅ ሉዋም ከሑመራ ተፈናቅላ፣ ስትንከራተት ቆይታ፣ ሕፃን ልጇን ይዛ እሷ ቤት ገብታለች። ገርጂ ያለችው ቤት አንዲት ክፍል ናት። አልጋው ላይ ሉዋምና ልጇ ይተኛሉ፤ ዮሃና መሬት ላይ። ሉዋምን ወጥ ቤት በረዳትነት እንድትቀጥራት አኔካን ደጋግማ ለምናታለች። ትርሓስም "ልጅቷን አምጧት፣ እኔ አሠራታለሁ" ብላ ደግፋት ነበር። አኔካ ግን ለዚህ ቤት አንድ ወጥ ሠሪ ይበቃል አለች።

አንድ ማክሰኞ ማታ የትርሓስ ወንድም ገብረትንሣኤ ከማይጨው ደወለ። እናታቸው ወድቀዋል፤ እህልም አይወስዱም። "ልታዪያት ከሆነ ቶሎ ነይ" አላት።

ትርሓስ ሁለቴ ማሰብ አላስፈለጋትም። አባቷ የሞቱት ስልኩም መንገዱም በተዘጋበት ጊዜ ነው። መርዶውን የሰማችው ወራት ካለፉ በኋላ፣ ከአንድ ካገኘችው የአገር ሰው፣ መንገድ ላይ ቆማ ነበር። የአባቷን መቃብር እንኳ አላየችም። አሁን መንገዱ ተከፍቷል። እናቷን ሳታይ ብትቀር ማመካኛ የላትም።

ጠዋት ታክሲ ውስጥ የምትለውን በልቧ ደጋገመችው። ዮሃናን አስተርጉሚልኝ ልትላት ትችል ነበር። ግን የእናቷ ጉዳይ ነው፤ ይህን እንኳ በራሷ አፍ መናገር ፈለገች።

አኔካ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆማ ነበር። ዮሃና ከጎኗ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች።

"አኔካ፣ ማይ ማዘር ሲክ" አለች ትርሓስ። "አይ ዎንት ቱ ሊቭ።"

አኔካ መነጽሯን አወለቀች። "ቱ ሊቭ?"

"የስ። ቱሞሮው።"

መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ብዙ ተናገረች። ትርሓስ ሶሪ የሚለውን ሰማች፣ ማዘር የሚለውን ሰማች፣ "ስቴይ ዊዝ ኸር" የሚለውንም ለየች።

"የስ፣ ስቴይ ዊዝ ማዘር" ብላ መለሰች፤ በመግባባቷ ደስ አላት።

አኔካ ወደ ዮሃና ዞራ አንድ ነገር ጠየቀች። ዮሃና መጻፉን አቆመች። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ትንሽ ቆየችና አጭር መልስ ሰጠች።

"ምን አለችሽ?" አለች ትርሓስ።

"እናትዎን እግዜር ይማርልዎት ነው የምትለው።"

አኔካ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥታ ትርሓስን አቀፈቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከሰዓት በኋላም የሠራችበትን ደመወዝ እስከዚያው ቀን ድረስ አስልታ ሰጠቻት፤ ጥሩ ሻርፕም ጨመረችላት። ትርሓስ ለአንድ ፈቃድ ይህን ሁሉ ማድረጓ ገረማት። ፈረንጅ ዘንድ እናት ስትታመም እንዲህ ነው ወጉ ብላ አሰበች። እንድሪስ ያን ቀን ተረኛ ስላልነበር ሳታገኘው ሄደች።

እናቷ ጠበቋት። ስትገባ ፊቷን በሁለት እጃቸው ዳበሱና "መጣሽ?" አሏት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም። ትርሓስ አጠገባቸው ተኝታ፣ ውኃ በማንኪያ እየሰጠች፣ ፀጉራቸውን እያበጠረች ሰነበተች። ሲያርፉም እጃቸው በእጇ ውስጥ ነበር። ከአባቷ አጠገብ ቀበረቻቸው። ለሁለቱም በአንድ ቀን አለቀሰች።

ከቀብሩ በኋላ ለዮሃና ደወለች።

"እናቴ አረፈች። ሰባቱ እስኪወጣ ልቆይ ነው። ለአኔካ ንገሪልኝ።"

"ነፍስ ይማር፣ እትዬ ትርሓስ" አለች ዮሃና። "አይቸኩሉ። ከዘመዶችዎ ጋር ይሁኑ።"

"ትነግሪልኛለሽ አይደል?"

"እሺ፣ እነግራታለሁ።"

ትርሓስ በጥቁር ልብሷ አዲስ አበባ ስትመለስ ሰኞ ጠዋት በሰዓቷ ሥራ ገባች። እንድሪስ በሩን ከፍቶ ሲያያት ተነስቶ እጇን ያዘ።

"ነፍስ ይማር። ልብሽን ያጽናሽ። እኔ እኮ ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ ብዬ ተቀይሜሽ ነበር።"

"የምን ስንብት?"

"ሥራ ለቀቀች ሲሉኝ ነዋ።"

"ማን ነው የለቀቀው?"

እንድሪስ እጇን ሳይለቅ አያት። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ኧረ ግቢና ጠይቂ" አላት።

ወጥ ቤት ውስጥ አንዲት ቀጭን ወጣት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ትርሓስን ስታይ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻት።

"እትዬ ትርሓስ ነዎት አይደል? ሉዋም እባላለሁ፣ የዮሃና ዘመድ ነኝ። ነፍስ ይማር። እርስዎ ሥራ ባይለቁ ኖሮ እኔና ልጄ የት እንወድቅ ነበር? እግዜር ይስጥልኝ።"

ትርሓስ ከወጥ ቤቱ ወጣች። ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደች። አኔካ ስታያት ፈገግ ብላ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ትርሓስ ግን ዮሃናን ነበር የምታየው።

"ንገሪያት" አለች። "እኔ ፈቃድ ነው የጠየቅሁት በያት።"

ዮሃና ወደ አኔካ ዞራ ተናገረች። አኔካ ግንባሯን አጨማድዳ ሰማች፤ መለሰች።

"ልሂድ ብለሽ በራስሽ አፍ ነግረሽኛል ነው የምትለው።"

"አይ ዎንት ሊቭ!" አለች ትርሓስ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ሊቭ! ፈቃድ!"

"የስ፣ ትርሓስ" አለች አኔካ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። "ዩ ሌፍት።"

ትርሓስ ይህችን ቃል ለመረዳት ዮሃና አላስፈለገቻትም። ሦስቱንም መልኳን በቃሏ ታውቃታለች። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ ትምህርት ካለቀ በኋላ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠበቀችና የሆነውን ሁሉ ለፀጋዘአብ በትግርኛ ነገረችው። ፀጋዘአብ ኮቱን እንደቆለፈ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ቱ ሊቭ ብለው ነው የነገሯት?"

"አዎ። ከዎንት በኋላ ቱን አይርሱ ብለውኛል።"

"ፈቃድ የሆነው ሊቭ ግሥ አይደለም፤ ስም ነው" አለ ፀጋዘአብ። "እሱ ቱ አይፈልግም። አይ ዎንት ሊቭ ቢሏት ኖሮ ፈቃድ ስጪኝ ነበር። ቱን ሲጨምሩበት ሥራዬን ልልቀቅ ሆነ።"

"ታዲያ ስጠይቅዎት ያው ነው ያሉኝ ለምንድን ነው?"

ፀጋዘአብ የኮቱን ቁልፍ ፈታ። "ሰዓቱ አልቆብኝ ነበር" አለ። ከዚያም፣ "ሰኞ አብሬዎት እሄዳለሁ። እኔ አስረዳታለሁ" አላት።

ሰኞ አብረው ሄዱ። አኔካ አስቀምጣ አነጋገረቻቸው። ዮሃና ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም። ፀጋዘአብ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር አድርጎ፣ ስሙንና ግሡን ለይቶ፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ጭምር አስረዳ። አኔካ ስትሰማ ፊቷ ቀላ። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ብዙ ተናገረች። ፀጋዘአብ ወደ ትርሓስ ዞሮ ወዲያው ሳይተረጉም ቀረ።

"ይንገሩኝ" አለችው።

"አሁን ገብቶኛል፣ በጣም አዝናለሁ ትላለች። ያን ዕለትም ተጠራጥራ ነበር። እንግሊዝኛዎ ገና ስለሆነ ዮሃናን ጠይቃታለች። ለጥቂት ጊዜ ነው ወይስ ጨርሳ መልቀቋ ነው ብላ።"

"ዮሃና ምን አለቻት?"

"ጨርሳ ነው አለቻት።"

ዮሃና አንገቷን ደፍታ ነበር። ስልክ ጮኸ፤ ዮሃና አንስታ በዚያው ለስላሳ ድምጿ የቤቱን ስም ተናገረችና ለአንድ እንግዳ ክፍል ያዘች።

አኔካም ዮሃናን አየቻት። ነገሩ እንደገባት ከፊቷ ይታወቅ ነበር። ግን የቤቱ ሒሳብ፣ የእንግዳው ስልክ፣ የቀበሌው ጉዳይ ሁሉ በዮሃና እጅ ነው። ዓይኗን መለሰችና "ሚስአንደርስታንዲንግ" አለች።

"አለመግባባት ነው ትላለች" አለ ፀጋዘአብ። "አዲሷን ልጅ ቀጥሬያለሁ፣ ሕፃን አላት፣ ላባርራት አልችልም ትላለች። ቦታ ሲገኝ እደውላለሁ፣ ስልክሽን ትተሽልኝ ሂጂ ትላለች።"

"ስልኬን ታውቀዋለች" አለች ትርሓስ ተነስታ።

በሩ ጋ ሉዋም ሮጣ ደረሰችባቸው። ከወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

"እኔ አላውቅም ነበር" አለች። "እናቴ ትሙት፣ አላውቅም ነበር። እኔ ልልቀቅልዎት። ዛሬውኑ እለቃለሁ።"

ትርሓስ ልጅቷን አየቻት። አንድ ቃል ብትል ልጅቷ ሽርጧን አውልቃ እንደምትወጣ ታውቃለች። ከዚያ ሕፃኑን ይዛ ወደዚያችው ክፍል፣ ወደ ዮሃና አልጋ። ተቆጥታ ልትሰድባት ፈልጋ አፏ አልታዘዝ አላት።

"ብትለቂም እኔን አይመልሱኝም" አለቻት። "ሌላ ሰው ያመጣሉ። ሂጂ፣ ሽንኩርትሽ እንዳያርርብሽ።"

ይህን ያለችው በቸርነት አልነበረም። ኢምፔሪያል እስኪደርሱ ድረስ ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷን እየጠየቀች ተናደደች። ፀጋዘአብ የኮርሱን ክፍያ ልመልስልዎት አላት። እምቢ አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውሎ የክፍሉን ተማሪዎች እንደናፈቀቻቸው፣ በነፃም ቢሆን እንድትቀጥል ነገራት። እሺ አለችው፤ አልሄደችም።

አትላስ አካባቢ አንድ ትልቅ ሬስቶራንት ውስጥ ሥራ አገኘች። ወጥ ሠሪ አይደለችም፤ አትክልትና ሳህን አጣቢ ናት። ሼፉ ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ሲሆን፣ በአማርኛ ይጮህባታል። የሚላትን ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ትሰማለች። ሽሮ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ቀምሳው ቅመሙ እንዳልበሰለ አወቀች፤ ለማንም አልተናገረችም።

እንድሪስ አልፎ አልፎ ይደውልላታል። አኔካ ሽሮው ቀድሞ እንደነበረው አልሆነም እያለች እንደምታማርር ነግሯት ነበር። ይህን ሲነግራት ደስ ይላታል ብሎ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የቤቱን ወሬ እንዳያነሳባት ለመነችው።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ፣ ዝናብ እየመታት ታክሲ ስትጠብቅ ቆየችና ወደ ገርጂ የሚሄድ ተገኘ። ተጋፍታ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ሴት የረጠበ ጃንጥላ እየዘጋች ዞር ስትል ዮሃና ሆነች። ሁለቱም ደነገጡ። ለመነሳት ቦታ አልነበረም፤ መተላለፊያው ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ ቆሟል።

"እንደምን ነዎት፣ እትዬ ትርሓስ?"

"እግዜር ይመስገን።"

መኪናው ትንሽ ሄዶ መንገድ ተዘጋጋና ቆመ። ዮሃና ጃንጥላዋን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ፣ ወደ ፊት እያየች ተናገረች።

"ሕፃኑ ሳል ይዞት ነበር ያኔ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ነበር ያደርነው። አኔካ ድንገት ስትጠይቀኝ... ከአፌ ወጣ። በኋላ አስተካክላለሁ ብዬ ነበር።"

"ከማይጨው ደውዬልሽ ነበር" አለች ትርሓስ።

"አዎ።"

"እናቴን ቀብሬ ነው የደወልኩልሽ።"

የዮሃና እንባ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ሳትጠርገው ተወችው። "ይቅር ይበሉኝ" አለች በመጨረሻ።

ትርሓስ መስኮቱን አየች። ጉሙ ሸፍኖት ውጪው አይታይም። ይቅር የሚለው ቃል ከየት እንደሚወጣ በሆዷ ፈለገች። በቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ስትለው ኖራለች፤ አሁን ግን አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እንኳ እዚህ፣ ለዚች ልጅ፣ ገና ሥራዋ ላይ ላለችው፣ አታወጣውም ነበር።

ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እነሱ ጋ ደረሰ። ዮሃና ቶሎ ብላ ብር አወጣችና "የሁለት ሰው" አለችው።

ትርሓስ ቦርሳዋን ከፈተች። ያገኘችውን ብር አውጥታ በዮሃና እጅ ላይ አሳልፋ ዘረጋችለት።

"የአንድ ሰው ነው" አለችው። "አብረን አይደለንም።"